ሰፈራችን ሲፈርስ ሰዎቹ የት ይገባሉ?

ለነታኒያ ከተማ ምክር ቤት አባላት፣ በከተማ እድሳት ሥራ ላይ ላላችሁ ባለሙያዎች፣ ለሕንፃ ተቋራጮች፣ በደቡብ ነታኒያ ለምትኖሩ ጎረቤቶቼም በሙሉ፤

ሻሎም፤ እንደምን ሰነበታችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሰፈራችን ያሉት አሮጌ ሕንፃዎች ፈርሰው መታደሳቸውን ለመቃወም አይደለም። አስቀድሜ መናገሬ ከእኛ ከኢትዮጵያ የመጣን እስራኤላውያን ሰፈር የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ ወዲያው «አሻፈረን አሉ» ተብሎ ስለሚወሰድ ነው። እናቴ የምትኖረው አሳንሰር በሌለው ሺኩን (አሮጌ የመኖሪያ ሕንፃ) አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቷን ያማታል። አስቤዛ ገዝታ ስትመለስ ደረጃው በሚዞርበት ሁሉ ፌስታሉን እያስቀመጠች ታርፋለች። ሳይረን ሲጮኽ ደግሞ ያን ሁሉ ደረጃ ወርዳ ግቢው ውስጥ ካለው ሚክላት (የቦምብ መጠለያ) ለመድረስ ያላት ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ለእሷ አንድ ደቂቃ ተኩል ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያልቃል። ስለዚህ አሳንሰርና ማማድ (እዚያው ቤት ውስጥ ያለ የመጠለያ ክፍል) ያለው ቤት ይሠራ ሲባል እልል እላለሁ እንጂ አይከፋኝም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ሕንፃው ሲያልቅ ቁልፉን የሚቀበለው፣ ከዐሥር ዓመት በኋላም እዚያው የሚገኘው ማን ነው?

ይህን ለመጠየቅ ከተማችን እንዴት እንደ ተሠራች ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። (ዓመታቱን የምጽፈው ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ አባቶችና እናቶች ይህን ልብ በሉልኝ።) ብዙዎቻችን ነታኒያን ያገኘናት ተሠርታ አልቃ ስለሆነ ድሮም እንዲህ የነበረች ይመስለናል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ከቴል አቪቭ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ይህ ዳርቻ አሸዋና ኩርካር የሚሉት አሸዋማ ድንጋይ ነበር፤ በአጠገቡ ኡም ኻሊድ የምትባል የዓረብ መንደር ነበረች። በ1920ዎቹ መጨረሻ ብኔ ቢንያሚን የተባለው የገበሬ ልጆች ማኅበር ከዚያ አካባቢ መሬት ገዝቶ ውኃ ማስቆፈር ጀመረ፤ በፌብሩዋሪ 1929 የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ገቡ። ስሟ የወጣው ከአሜሪካዊው ነጋዴ ከናታን ስትራውስ ነው፤ የኒው ዮርኩ የሜሲስ መደብር ከባለቤቶቹ አንዱ እሱ ነበር። ገንዘብ ይሰጠናል ብለው ስሙን ቢሰጧትም ሀብቱን አስቀድሞ ለሌላ በጎ ሥራ አውጥቶት ስለነበር ስሙ ብቻ ቀረ ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ባዶ ኪስ ይዞ መጀመር በዚህ ከተማ ከእኛ በፊትም የነበረ ነገር ነው።

መጀመሪያ የታሰበው ብርቱካን ለማልማት ነበር። በ1933 ግን ክሊፎርድ ሆሊዴይ የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ያቀረበው ከተማዋን የመዝናኛ ከተማ የሚያደርግ ፕላን መጣ። ፕላኑ መሬቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሦስት ከፈለው። ባሕሩን ተከትሎ ያለው ለእንግዳ፣ መካከሉ ለመኖሪያና ለንግድ፣ ምሥራቁ ለእርሻና ለፋብሪካ። ለዘመኑ ብልህ ፕላን ነበር፤ ዛሬ ባሕሩ ዳር ላይ ያለው ረጅሙ መናፈሻና የአደባባዩ ካፌዎች የዚያ አሳብ ፍሬ ናቸው። ግን ልብ በሉ። ከ90 ዓመት በፊት ባሕሩ የተመደበው ለሚመጣና ለሚሄድ ሰው ነው፤ ነዋሪው ከኋላ ነው፤ ሠራተኛው ከነዋሪው ኋላ ነው። ፕላኑ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፣ ከተማዋም በሁሉም አቅጣጫ ሰፍታለች። መስመሩን ወረቀቱ ቢረሳውም ገንዘብ አልረሳውም። ዛሬም ከባሕሩ አንድ መንገድ በራቃችሁ ቁጥር የቤት ዋጋ አንድ ደረጃ ሲወርድ ታያላችሁ።

የቀረውን በአጭሩ ልበለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቤልጂየም የሸሹ የአልማዝ ቀራጮች መጥተው ነታኒያን የአልማዝ ከተማ አደረጓት። በብሪታኒያ አስተዳደር ዘመን ፈቃድ የሌላቸውን ስደተኞች የጫኑ መርከቦች በሌሊት እዚህ ዳርቻ ያወርዱ ነበር። በ1948 ነታኒያ በይፋ ከተማ ተባለች፤ በዚያው ዓመት ጦርነት ኡም ኻሊድ ባዶ ቀረች። በንጉሥ ሰሎሞን ጎዳና ላይ ያለው ትልቁ ሾላ ይህን ሁሉ ያየ ነው፤ ዕድሜው በመቶዎች ዓመታት ይቆጠራል። እናቴ መጀመሪያ ስታየው «ይኼማ የአገራችን ሾላ ነው» ብላ ግንዱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። እውነቷን ነው፤ ያው አንድ ዛፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የሺኩን ዘመን መጣ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከሊቢያ፣ ከሮማንያና ከሌላም አገር የሚጎርፈውን ሰው ለማሳደር በአገሩ ሁሉ ቶሎ የሚሠሩ፣ ሦስትና አራት ፎቅ ያላቸው፣ አሳንሰር የሌላቸው ሕንፃዎች ተደረደሩ። ያኔ የገቡት ሰዎች ወጣቶች ነበሩ፤ ደረጃው አላስቸገራቸውም። ልጆቻቸው እየተማሩ፣ እየሠሩ፣ ወደ ተሻለ ሰፈር እየወጡ ሄዱ። ቤቶቹ እያረጁ ዋጋቸው እየወረደ ቆየ። እኛ የመጣነው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለ እኛ አመጣጥ ለውጭ ሰው ሲነገር ሁልጊዜ ከአውሮፕላኑ ይጀመራል። እኔ ከውኃው ልጀምር። በጎንደር አገር ቤተ እስራኤል (እኛ የኢትዮጵያ አይሁድ) መንደር ሲመሠርት ወንዝ ያለበትን ይመርጥ ነበር። የመንጻት ሕጋችን ያለ ውኃ አይሆንም፤ ሴቶች የወር አበባ ሲመጣ ለብቻ ከሚቆዩበት ከመርገም ጎጆ ሲወጡ፣ ሬሳ የነካ ሰው ሲነጻ፣ ሰንበት ሲገባ ገላ ሲታጠብ፣ ሁሉም ወንዝ ይፈልጋል። ከወንዝ የራቀ መንደር መንደር አይባልም ነበር። ባሕር ግን አናውቅም። አንዳንዶቻችን መጀመሪያ ያየነው ባሕር ቀይ ባሕር ነው፤ ያውም በጨለማ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ በሱዳን ዳርቻ ዓሩስ በተባለ ቦታ የቱሪስት መዝናኛ መንደር ይዞ ነበር። ቀን ላይ አውሮፓውያን ቱሪስቶች ይዋኙበታል፤ በአንዳንድ ሌሊት ደግሞ ከስደተኛ ካምፕ በመኪና የመጡ ወገኖቻችን ዳርቻው ላይ በጎማ ጀልባ ተጭነው ወደ ባሕር ኃይል መርከብ ይወሰዱ ነበር። ያን መንገድ ያለፉ ሽማግሌዎች ዛሬም ባሕር ዳር እንሂድ ሲባሉ ደስ አይላቸውም። ሰው ስንፍና ይመስለዋል።

ከዚያ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ሰው፣ በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ገባ። ያረፍነው በመርካዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል)፣ በሆቴል፣ በካራቫን (ጊዜያዊ ተንቀሳቃሽ ቤት) ነበር። ብዙዎቻችን ከከተማ በራቁ የካራቫን ሰፈሮች ዓመታት ቆየን። ከ1993 ጀምሮ መንግሥት ከካራቫን እንድንወጣ ልዩ ማሽካንታ (የቤት መግዣ ብድር) ሰጠ፤ ከብድሩ አብዛኛው የማይመለስ እርዳታ ነበር። አሳቡ መልካም ነው፤ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ የራሱ ቤት ያለው በዚያ ምክንያት ነው፤ ይህን ውለታ የምክድ ሰው አይደለሁም። ገንዘቡ ግን ጣሪያ ነበረው። ጣሪያው በአገሪቱ መካከል ባሉ ከተሞች የሚገዛው አሮጌ ሺኩን ብቻ ነበር፤ የድሮ ባለቤቶቹ ለመልቀቅ የቸኮሉበት፣ አራተኛ ፎቅ የሆነ፣ ቧንቧው የዛገ። አንዱ ቤተሰብ ሲገዛ ዘመዱ አጠገቡ ገዛ። እንዲህ እያለ ሄፍጺባና አዞሪም በአማርኛና በትግርኛ የሚጣሩበት ሰፈር ሆኑ። ነታኒያ ዛሬ በእስራኤል ካሉ ከተሞች ሁሉ ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጅ የሚኖርባት ናት፤ ከ10,000 በላይ ነን።

«ለምን አንድ ላይ ተከማቹ?» የሚለውን ጥያቄ በየስብሰባው እሰማለሁ። የተከማቸነው ዋጋው ስላከማቸን ነው። ከተከማቸን በኋላ ደግሞ መከማቸታችን ጥቅም አገኘ። ይህን ሁለተኛውን ነገር እድሳት የሚያቅድ ሰው በቢሮ ሆኖ ሊያየው አይችልም፤ ስለዚህ ላሳያችሁ።

በእናቴ ሕንፃና በጎረቤቱ ሕንፃ መካከል አንድ ግቢ አለ። በፕላኑ ላይ «ባዶ ቦታ» ተብሎ የተጻፈ ይመስለኛል። ባዶ አይደለም። በግራ በኩል በአሮጌ የቀለም ባልዲ ጤና አዳምና በሶብላ ተተክሏል፤ በአጥሩ ሥር ጎመን አለ። ከሰዓት በኋላ ሴቶች ፕላስቲክ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ ቡና የሚፈላው ከታችኛው ፎቅ ነው፤ ሦስተኛው ሲደርስ የትምህርት ቤት ልጆች ይመለሳሉ፤ ማን ዘገየ፣ ማን አልመጣም፣ ማን ከማን ጋር መጣ ሁሉ እዚያው ይታወቃል። የዚህ ሰፈር የወጣቶች ጥበቃ ይኸው ነው፤ ደመወዝ አይጠይቅም። ሰው ሲሞት ደግሞ ግቢው ላይ ድንኳን ይተከላል። የእኛ ሐዘን የሚመጣበት ሰው ብዛት ከአንድ ሳሎን ጋር አይሄድም፤ ከአሽዶድ፣ ከረሆቦት፣ ከሐዴራ፣ ከአፉላ በአውቶቡስ ይመጣል። ኬሱ (ካህናችን) ጸሎቱን ያነባል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ ወጥ ያዞራሉ፤ ሰባት ቀን ሙሉ። ተዝካርም አለ። ይህን ሁሉ ሰው በአዲሱ ሕንፃ ሎቢ ውስጥ፣ በእብነ በረዱ ወለልና በመስተዋቱ መካከል፣ የት ነው የምታስቀምጡት? እየቀለድኩ አይደለም። በአዲስ ሰፈር ፎቅ ውስጥ የገባ ዘመድ ሲሞትበት ድንኳኑን የተከለው በእኛ ግቢ ነው፤ እሱ ጋ የሚተከልበት አልነበረምና።

አሁን ወደ ፒኑይ ቢኑይ ልምጣ፤ ማለት አሮጌው ፈርሶ በቦታው አዲስ ወደሚሠራበት ውል። አሠራሩን የማያውቅ ጎረቤት ካለ በአጭሩ እንዲህ ነው። ተቋራጩ የድሮውን ሕንፃ አፍርሶ በቦታው ብዙ እጥፍ ቤት ያለው ሕንፃ ይሠራል። ለድሮው ባለቤት ሰፋ ያለ አዲስ ቤት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ግንባታው እስኪያልቅ የኪራይ ይከፍላል፤ ትርፉን የሚያገኘው የተረፉትን ቤቶች ሸጦ ነው። ቀድሞ 80 በመቶው ባለቤት ካልተስማማ ወደ ፊት መሄድ አይቻልም ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ሁለት ሦስተኛው ከተስማማ እንቢ ያለው ጎረቤት በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። ለዕድሜ ባለጸጎች ሕጉ አማራጭ እንዲቀርብላቸው ያዛል፤ ለምሳሌ በሌላ ቦታ በዋጋው ልክ የሆነ ቤት፣ ወይም አነስ ያለ ቤትና ልዩነቱን በገንዘብ። ሕጉ ክፉ አይደለም። ችግሩ ያለው ሕጉ በሚያልቅበት ቦታ ነው።

እድሳቱን አስፈላጊ የሚያደርገው የሳይረን ጉዳይ ብቻም አይደለም። ማማድ በአዲስ ቤት ሁሉ ግዴታ የሆነው ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ነው፤ የእኛ ሕንፃዎች ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ከ1980 በፊት ፈቃድ ያገኙ ሕንፃዎች ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ መስፈርት ሳይሟላላቸው የተሠሩ ተብለው ይታሰባሉ፤ ታማ 38 የተባለው አገር አቀፍ ፕላን በ2005 የወጣው ለዚህ ነው። መሬቱን የሚያሰጋው ስምጥ ሸለቆ ከዚህ ከዮርዳኖስ ተነሥቶ በቀይ ባሕር በኩል እስከ አፋር የሚዘልቀው ነው። አገር ብንቀይርም ስንጥቁ አልለቀቀንም። ይታደሱ፤ አላልኩም ወይ።

አዲሱ ቤት ግን በየወሩ ዋጋ አለው። አርኖና (የማዘጋጃ ቤቱ የቤት ግብር) የሚታሰበው በካሬ ሜትር ነው፤ ቤቱ ሲሰፋ ክፍያው ይሰፋል። በሺኩኑ የቫአድ ባይት (የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ) መዋጮ ለደረጃ መጥረጊያና ለመብራት ነው። በረጅም ፎቅ ላይ ግን ሁለት ሦስት አሳንሰር፣ የውኃ መግፊያ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ የእሳት ማጥፊያ መስመር፣ የሎቢ ጽዳት፣ የአስተዳደር ኩባንያ አለ። በጡረታ አበል የምትኖር እናት ይህን የምትከፍለው ከመድኃኒቷ ቀንሳ ነው። አንድ ዓመት ትታገላለች፣ ሁለት ዓመት ትታገላለች፤ ከዚያ ቤቱ ይሸጣል። በወረቀት ላይ «ነዋሪው በውዴታው ሸጠ» ይባላል። ማንም አላባረራትም። በእስታቲስቲክስ ውስጥ የሷ ዓይነት ሰው የሚቆጠርበት ሣጥን የለም።

ተከራይ ደግሞ አለ። በሰፈራችን የሚከራዩ ወጣት ባለትዳሮች ወላጆቻቸው አጠገብ መኖር የቻሉት ኪራዩ ስለሚቀመስላቸው ነው። በፒኑይ ቢኑይ ውል ውስጥ የግል ተከራይ ስም አይነሣም። ግንባታው በሚቆይባቸው ዓመታት ቤተሰቡ ተበትኖ ልጆቹ ሌላ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ስንቱ ይመለሳል?

ከዚህ በላይ የሚያሳዝነኝ አጠያየቁ ነው። ፊርማ የሚሰበስቡ ሰዎች በየቤቱ ይዞራሉ። ከ2017 ጀምሮ የእነዚህን ሰዎች ሥራ የሚገዛ ሕግ አለ፤ ስብሰባ ጠርተው ዋና ዋናውን ነጥብ ማስረዳት አለባቸው። እናቴ ቤት የመጣው ወጣት ግን በዕብራይስጥ የተጻፈ ወፍራም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ፈርመዋል» አላት። ጎረቤቶቿ አልፈረሙም ነበር። ቡና ልታፈላለት ተነሣች፤ ጊዜ የለኝም አለ። «ቡናዬን ለመጠጣት ጊዜ ያጣ ሰው ቤቴን ለመውሰድ ከየት አገኘ?» ብላ በሩን አሳየችው። ማን እንደ ላከው አልጽፍም፤ የእሱ ዓይነት ብዙ ነው። የሰፈሩ ሰው እድሳት ይፈራል የምትሉት ምናልባት ይህን ከሆነ፣ አዎ፣ ይፈራል።

ስለ ባሕሩም የምለው አለኝ፤ ከቤቱ ነገር የተለየ መስሎ ቢታይም።

የነታኒያ ገደል እየተሸረሸረ ነው። ማዕበሉ ከሥር ይበላዋል፣ ዝናቡ ከላይ ያርሰዋል፣ በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት ይወድቃል። አንዱ ምክንያት የአሸዋ ማነስ ነው። በዚህ ዳርቻ ያለው አሸዋ በአብዛኛው በዓባይ በኩል የመጣ ነው። ወንዙ ደለሉን ወደ ግብፅ ዴልታ ያወርዳል፣ የባሕሩ ሞገድ ደግሞ በሲና በኩል እየገፋ ወደዚህ ያደርሰዋል። ከደለሉ ብዙው የእኛው ደጋ አፈር ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንል ነበር፤ አሸዋው ግን ማደሪያ አግኝቶ ከእኛ ብዙ ሺህ ዓመት ቀድሞ ነታኒያ ገብቷል። አስዋን ላይ ትልቁ ግድብ በ1970 ካለቀ በኋላ ከወንዙ የሚወርደው አዲስ ደለል ተቆርጧል ማለት ይቻላል። ከዚያም በፊት እስከ 1960ዎቹ ድረስ ለግንባታ እየተባለ ከዳርቻው በመኪና የተጫነው አሸዋ ቀላል አልነበረም። እንግዲህ የእኛን ሺኩኖች ግድግዳ ያቆመው አሸዋ ከዚያው ዳርቻ ይሆን? የሚደንቅ አይሆንም።

ገደሉን ለማዳን መንግሥት የራሱ ኩባንያ አቋቁሟል። በከተማችን ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ የማዕበል መከላከያ ድንጋይ ተከምሯል፣ ዳርቻው አሸዋ ይጨመርለታል። ተገቢ ነው፤ ገደሉ ከሄደ ጫፉ ላይ ያሉት ሕንፃዎችም ይሄዳሉ። በዚህ ሥራ ውስጥ የወደድኩት አንድ ነገር መሐንዲሶቹ የሚከተሉት ጥንቃቄ ነው። አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ሲከመር አሸዋው እዚያ ተይዞ ቀጥሎ ያለው ዳርቻ እንደሚራቆት ያውቃሉ፤ ስለዚህ አስቀድመው የጎረቤቱን ዳርቻ ይለካሉ። ቤት የሚያድሱት ባለሙያዎችም ይህን ልማድ ቢይዙ እላለሁ። አንድ ሕንፃ ሲታደስ በቀጣዩ ጎዳና ያለው ተከራይ፣ ሱቁ፣ የጸሎት ቤቱ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ምን እንደሚሆን ይለካ።

ባሕሩ በሕግ የሁሉም ነው። በ2004 የወጣው የዳርቻ አካባቢ ጥበቃ ሕግ ከውኃው 300 ሜትር ወደ ውስጥ ያለውን መሬት በልዩ ሁኔታ ይጠብቃል፤ ሕዝብ በዳርቻው እንዳያልፍ መከልከል አይቻልም። ሲሮኒት ዳርቻ ላይ ገደሉን የሚያወርድ አሳንሰር እንኳ አለ። ታዲያ በእኔ ልጅነት ከሰፈራችን ልጆች ዋና የሚችለው ጥቂቱ ነበር፤ የባሕር ዳር ከተማ ልጆች ሆነን። እናቶቻችን ደግሞ ባሕሩን የሚያዩት ሐኪም ቤት ሲሄዱ በአውቶቡስ መስኮት ነው። ግማሹ ምክንያት የራሳችን ነው፤ ፍርሃቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ሌላው ግማሽ ግን በመንገዱ ላይ ነው። ከሰፈሩ ወደ ባሕሩ በእግር የሚኬድ፣ ጥላ ያለው፣ በየመቶ ሜትሩ መቀመጫ ያለው መንገድ ቢሠራ የሚያርፉበት አግኝተው ይሄዳሉ። በየካቲት አካባቢ በደቡብ ነታኒያ ጥቁር ሐምራዊው አይሪስ ሲያብብ ከመላው አገር ሰው በመኪና ይመጣል፤ በዝናብ ወራት ብቻ ወደሚሞላው ሐይቅ ዳርም እንዲሁ። ከእኛ ሰፈር የሚመጣው ሰው ቁጥሩ እንዲበዛ የሚያስፈልገው ማስታወቂያ ሳይሆን አግዳሚ ወንበር ነው።

የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ።

በደቡብ ሰፈሮች የሚጸድቅ እያንዳንዱ የእድሳት ውል የጥገና ፈንድ ይኑረው። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በአንዳንድ ውሎች ውስጥ አለ። ተቋራጩ ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ከዚያ የሚገኘው የተመላሽ ነዋሪዎችን ወርሃዊ መዋጮ ለዓመታት ያቃልላል። ለአረጋውያን ዕድሜያቸው እስካለ ድረስ ይሁን። «ለተመላሾች ለብቻ ዝቅ ያለ ሕንፃ እንሥራላቸው፤ ወጪውም ዝቅ ይላል» የሚሉ አሉ። ስሌቱ ገብቶኛል፤ ሆኖም አልወደድኩትም። አንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ፎቅ የአዲሶቹ፣ አንዱ ፎቅ የእነዚያ ከሆነ የ1933ቱን መስመር እንደ ገና በሲሚንቶ ማስመር ነው። ነዋሪው ራሱ አጭሩን ሕንፃ እፈልጋለሁ ካለ ግን የእሱ ምርጫ ነው፤ ይጠየቅ።

ግቢው በፕላኑ ላይ ግቢ ሆኖ ይቅር። መኪና ማቆሚያው ከመሬት በታች ከሆነ ከላይ ያለው ቦታ አፈር ያለው ይሁን፤ ድንኳን የሚተከልበት፣ ውኃና መብራት የሚሳብበት፣ ጎመን የሚበቅልበት። በየሕንፃው ምድር ቤት አንድ ሰፊ አዳራሽ ይኑር፤ ለሐዘን፣ ለሠርግ ሽማግሌ፣ ለሲግድ በዓላችን ዝግጅት፣ ለኬሶች ጸሎት፣ ለልጆች ጥናት። የሊቢያና የሞሮኮ ጎረቤቶቻችንም ይጠቀሙበታል፤ ከሞት ጋር በተያያዘ ነገር እነሱም ከእኛ አይርቁም፣ ብዙ ሰው ይዘው ነው የሚቀመጡት። የመንግሥት ቤት ተከራዮችም በውሉ ውስጥ እንደሚመለሱ ይጻፍ፤ የግል ተከራዮች ቢያንስ አስቀድመው ይነገራቸው፣ ልጆቹ የትምህርት ዓመታቸውን እዚሁ ይጨርሱ።

ወረቀቱ በአማርኛ ይምጣ። ሙሉው ውል እንጂ በቀለም ያሸበረቀ አንድ ገጽ ማጠቃለያ አይበቃም፤ ለማንበብ ለማይችሉትም በድምፅ ተቀርጾ ይላክላቸው። ሬዲዮ የሚያዳምጡ እናቶች ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ያዳምጡታል፤ ከጠበቆቻችሁ የተሻለ ጥያቄም ይጠይቃሉ።

ለጎረቤቶቼም አንድ ቃል። አትቸኩሉ፣ ግን በራችሁንም አትዝጉ። ለየብቻ የሚፈርም ሕንፃ ለየብቻ ይሸነፋል፤ በጋራ የራሳችሁን ጠበቃ ያዙ፣ ተቋራጩ ያመጣላችሁን አይደለም። የጠበቃውን ዋጋ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ተቋራጩ ነው፤ መራጩ ግን እናንተ ሁኑ። ልጆቻችሁ መሐንዲሶችና የሕግ ባለሙያዎች ሆነዋል፤ ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አስነብቧቸው። ቤቱ በስማቸው ባይሆንም ነገ የሚወርሱት እነሱ ናቸው።

ምክር ቤቱ በጉዳዩ ላይ የነዋሪዎች ስብሰባ እንዲጠራ በዚህ ደብዳቤ እጠይቃለሁ፤ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሳይሆን በሰፈራችን ሞዓዶን (የመሰብሰቢያ ማዕከል) ይሁን። ዓርብ አይሁን፤ ዓርብ ሰው የሰንበት ዝግጅት ላይ ነው። አስተርጓሚው በሙያው የሚከፈለው ሰው ይሁን፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት የልጅ ልጅ ለአያቷ ስለ ማሽካንታና ስለ ፍርድ ቤት ስታስተረጉም ማየት ሰልችቶናል። ወንበር በብዛት አምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደቡብ ነታኒያ ነዋሪ